ጅቡቲ ላይ የተፈታው አደራ

ጥቅሏን የተቀበልኳት ኢስታንቡል አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ልጄ የመጀመሪያዋን ወልዳ ላርሳት ሄጄ፣ ክረምቱን እዚያው ከርሜ፣ ለእንቁጣጣሽ ድሬዳዋ ልደርስ መመለሴ ነበር። ልጄን፣ ሕፃን ይዘሽ ግርግር ውስጥ አትግቢ ብዬ ከበሩ መለስኳት። ተላቀስንና ብቻዬን ገባሁ። ሻንጣዬን በእግሬ እየገፋሁ ከሰልፉ ጋር ስንፏቀቅ አንዲት ቀጭን ልጅ ከኋላ ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

«እናቴ፣ ሐበሻ ነሽ አይደል? ወዴት ነሽ?»

«በጅቡቲ አድርጌ ድሬ።»

ድሬ ስላት ዓይኗ እንባ ሞላ። እናቷም ድሬ፣ ለገሃሬ እንደሆነች ነገረችኝ። «ይቺን ብቻ አድርሺልኝ። አንቺ አትቸገሪም፣ ራሷ አውሮፕላን ማረፊያ መጥታ ትቀበልሻለች።»

ጥቅሏ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልላ በቡናማ ፕላስተር ተጠምጥማለች። አፏ በክር ተሰፍቷል። ላይዋ ላይ የእናትየው ስልክ ተጽፏል። ስቀበላት የሕፃን ልጅ ያህል ከበደችኝ። ውስጧ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም። በኛ ዘንድ አደራ የሚሰጥን ሰው ምንድነው ብሎ መጠየቅ፣ አላምንሽም ብሎ ፊቱ ላይ እንደመትፋት ነው። ደግሞ የራሴ ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ ለማላውቀው ሰው እየሰጠች ጫማውን፣ የግፊት መድኃኒቴን፣ የልጆቹን ቦርሳ ስትልክልኝ ኖራለች። አንድም ቀን ተከፍቶ አልደረሰኝም። የሰው ትከሻ ያመጣልኝን ስለብስ ኖሬ ለሌላ እናት ሲሆን እንዴት እንቢ ልበል?

ሻንጣ የምትመዝነው ሴት ጥቅሏን አሳየችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ቋንቋዋን ባልሰማም፣ የማን ነው ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ደረቴን መታሁ። የኔ ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ እግሬ አበጠ እንጂ ሐሳብ አልገባኝም ነበር። ሐሳብ የገባኝ ጅቡቲ ነው።

ከሰዓት በኋላ አረፍን። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊቴን መታኝ። ወደ ድሬ የምታሻግረን ትንሿ አውሮፕላን ተበላሽታለች፣ ነገ ጠዋት ትሄዳላችሁ፣ ዛሬ ሆቴል ታድራላችሁ ተባልን። ፓስፖርታችንን ሰበሰቡ። ዕቃችንን ደግሞ ለሌሊቱ መልሰው አስረከቡን። አንድ ፖሊስ በየተራ ሲያሳልፈን እኔ ጋ ሲደርስ እጁን ጥቅሏ ላይ አሳረፈ።

«ማዳም፣ ሴ ኩዋ?»

ምንድነው ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ከኋላዬ የቆመች አንዲት የሐረር ነጋዴ ቀደም ብላ በሶማልኛ መለሰችለት፤ ልብስ ነው ማለቷ ነበር። ፖሊሱ ጥቅሏን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና ትንሽ ተናገረ። «ምን አለ?» አልኳት።

«ነገ ጠዋት በውሻ ይፈተሻል፣ እያንዳንዱ ዕቃ። እኔ ምን አገባኝ፣ የኔ ሁሉ የልጆች ካልሲ ነው።»

ወደ ሆቴሉ የሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ከኔ ትንሽ ታንሳለች፣ ወፈር ያለች፣ ሳቋ ሰውነቷን ሁሉ የሚያነቃንቀው ሴት ናት። ካርቲየ 3 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ሱቅ ያላት እህት ነበረቻት። እሷ ጋ ላድር ብላ ብትለምን፣ ፓስፖርት የለም፣ ከሆቴሉ አትወጪም ብለዋታል። መንገዱ ዳር ጫት የጫኑ መኪኖች እየጮሁ ሲያልፉን ወደ ሾፌሩ ዞራ በአማርኛ፦

«አየህ? ጫቱ ከኛ አገር ጠዋት ተቆርጦ እዚህ በሰዓቱ ይደርሳል። እኛን ወደ ጫቱ አገር መመለስ ያቅታችኋል!»

ሾፌሩ አማርኛ ይሰማ ኖሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በአስፋልቱ ዳር የኛ አገር ልጆች በነጠላ ጫማ፣ ውሃ በላስቲክ አንጠልጥለው ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የመን ሊሻገሩ ነው። ብዙዎቹ ቤት ከተውኳቸው ልጆቼ አይበልጡም። ጥቅሏን ጭኔ ላይ አድርጌ ዓይኔን ከመስኮቱ መለስኩ።

ሆቴሉ ሴት ከሴት እያደረገ ሲደለድል እኔና እሷ አንድ ክፍል ደረሰን። ሁለት አልጋ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ኤር ኮንዲሽነር፣ ከሥሩ ባልዲ። ጥቅሏን አልጋዬ ላይ፣ ትራሱ ጋ አኖርኳት። ነጋዴዋ ሻሿን እየፈታች ታየኛለች።

«አስተኛሻት እኮ! ጡት ልትሰጫት ነው?»

«አደራ ናት።»

«የማን?»

«የአንዲት ልጅ። ኢስታንቡል የሰጠችኝ።»

«ስሟ ማነው?»

«አልጠየቅኳትም።»

እጇ ሻሿ ላይ ቀረ። «ውስጡስ?»

«አላውቅም።»

«አቦ! ስሟን አታውቂ፣ ውስጡን አታውቂ፣ የኔ ነው ብለሽ ፈርመሽ መጣሽ?»

«አልፈረምኩም። ደረቴን ነው የመታሁት።»

«እሱ ከፊርማ ይብሳል!»

ከዚያ ቁጭ ብላ የሰፈሯን ሴት ታሪክ ነገረችኝ። የሰው ዕቃ ሽቶ ነው ብላ ተሸክማ፣ ሽቶ ሳይሆን ቀርቶ፣ ሰው አገር እስር ቤት ዓመታት ተቀምጣለች። ልጆቿ በየዘመዱ ተበትነዋል። የምትጽፍላቸው ደብዳቤ እንኳ የለም። ነጋዴዋ ይህን የነገረችኝ ለክፋት አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሰማሁት የራሴን ልብ ብቻ ነው። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ቤት ሁለት ልጆች ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ነው የወጣሁት። ነገ ያ ውሻ ጥቅሏ አጠገብ ቢቆም፣ ማን ይደርስልኛል? እኔ እስከ ሦስተኛ ክፍል የተማርኩ ሴት ነኝ። በፈረንሳይኛ ልናገር? በምን ቋንቋ ነው «አደራ ነው» የሚባለው? አደራ ብልስ ማን ያምነኛል?

«ወይ ክፈቻት፣ ወይ ጣያት። ሦስተኛ የለም» አለች ነጋዴዋ።

«አደራ ይከፈታል እንዴ? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ አሉ።»

«በኛም ሃይማኖት አማና ከባድ ነው። እኔ አንቺን ካጂ አልኩሽ? ግን ሰማዩ ሩቅ ነው፤ ፖሊሱ ጠዋት በር ላይ ነው።»

ለልጄ ደወልኩ። ከሆቴሉ ዋይፋይ ጋር ያገናኘችኝ ነጋዴዋ ናት። ልጄ ገና ሳልጨርስ ጮኸች፤ ሕፃኗም ከኋላ አብራ ጮኸች።

«እማዬ! ጣዪው! አሁኑኑ ጣዪው! ስንቴ ነው የሰው ዕቃ አትቀበዪ ያልኩሽ?»

«አንቺስ የላክሽውን ሁሉ ማን ነው የተሸከመልሽ?»

«የኔ ሌላ ነው!»

«ምኑ ነው ሌላው?»

«እባክሽ እማዬ» ብቻ አለች፤ ድምፅዋ ሲሰበር ይሰማኛል። ልጅሽ ከሩቅ ስታለቅስ መከራከር አትችዪም። እሺ ብዬ ዘጋሁ።

ጥቅሏን ታቅፌ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ጫፉ ላይ ትልቅ የቆሻሻ በርሜል አለ። ውስጡ ለመጣል አንጀቴ አልጨክን አለኝና አጠገቡ፣ ግድግዳውን አስደግፌ አስቀመጥኳት። ዞሬ ትንሽ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሕፃን ጥላ የምትሄድ ሴት እንዲህ ይሆን የሚሰማት አልኩ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አልጋው ላይ ጥቅሏ የነበረችበት ቦታ ጎድጉዷል። ትንሽም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ክው አልኩ።

ጥበቃው ነው፤ ረጅም አፋር፣ ጥቅሏን በሁለት እጁ ይዞ። «እማማ፣ ዕቃሽን ረስተሽ» አለኝ በአማርኛ። ፈገግ ብሎ፣ እንደ ዳቦ አድርጎ በእጄ ላይ አኖራት። ምን ልበለው? እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት። ነጋዴዋ ትራሷን አፏ ላይ ደፍታ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልፍ ግን እሷም ፈርታ ነበር። «አሁን ጥበቃውም ያንቺ እንደሆነ አወቀ» አለች።

ያኔ ነው ጥቅሏ ላይ ያለውን ቁጥር ያየሁት። እስካሁን አይቼዋለሁ፣ ግን እንደ አድራሻ እንጂ እንደ ሰው አላየሁትም።

«ባለቤቷን እንጠይቃት» አልኩ።

«ማንን?»

«እናትየዋን። እሷ ክፈቺ ካለች መክፈቱ ክህደት አይሆንም።»

ነጋዴዋ ትንሽ አሰበችና በራሷ ስልክ ደወለች፣ በምስል። እናትየዋ ወዲያው አነሳች። ከኔ ጋር እኩያ ናት፣ ቀላ ያለች፣ ራሷን በነጭ ሻሽ ያሰረች። የልጇን ጥቅል የያዝኩት እኔ መሆኔን ስነግራት፣ ደርሰሻል እንዴ ብላ ደነገጠች። ነገሩን ሁሉ፣ ውሻውንም ፖሊሱንም፣ በርሜሉንም ሳልደብቅ ነገርኳት። እያፈርኩ ነው የተናገርኩት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ክፈቺው እህቴ» አለችኝ። «እኔስ ብሆን አልፈራም? እያየሁሽ ክፈቺው፣ ልብሽ ይረፍ።»

ክሩን በጥፍር መቁረጫ በጠስን። ፕላስተሩን ነጋዴዋ በጥርሷ ላጠችው። መጀመሪያ የወጣው ወፍራም ሹራብ ነው። ከሥሩ ሁለት ሱሪ፣ የቤት ቀሚስ፣ ሻርፕ፣ አንድ ቢጫ ቀሚስ፣ ሸራ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ የትራስ ልብስ፣ ከዚያ ማበጠሪያ። ነጋዴዋ ኪሱን ሁሉ ዳበሰች፣ ጫማውን ገልብጣ አራገፈች። ምንም የለም።

«ይኸው ኮንትሮባንድሽ! ሹራብ!» ብላ አልጋው ላይ ተንጋለለች። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ከለቅሶ አይለይም ነበር። ሹራቡን አንስቼ ሳምኩት። ሰው ከገደል አፋፍ ሲመለስ እንዲህ ይሆናል መሰለኝ፤ ለልጆቼ ምን እንደምሠራላቸው ሁሉ ማሰብ ጀመርኩ። ስልኩ ውስጥ ያለችውን ሴት ለአፍታ ረስተናታል።

«ያቺን ቢጫዋን ወደ ስልኩ አቅርቢያት» አለች።

አቀረብኩላት።

«የሄደችባት ናት። እኔ ነኝ ያሰፋሁላት።» ድምፅዋ ቀጥኗል። «ጫማውንስ?»

ጫማውን አሳየኋት።

«ሁለት ጫማ ነው ያላት። ሁለቱንም ላከችው? ማበጠሪያውንም?» ማበጠሪያውን ሳነሳው ጥርሶቹ መሃል የልጅቷ ፀጉር ነበረ። «ታዲያ ምን ቀራት? ንገሩኝ እንጂ፣ ምን ለብሳ ቀረች?»

ነጋዴዋ ከተንጋለለችበት ተነሳች። ሁለታችንም አልገባንም ነበር። እናትየዋ ናት ያስረዳችን። ልጅቷ ከወር በፊት፣ ጓደኞቼ በላስቲክ ጀልባ ወደ ግሪክ እየተሻገሩ ነው ብላት ነበር። ደላሎቹ ሻንጣ አያስይዙም፤ የምትገቢው ገላሽ ላይ ባለው ልብስ ብቻ ነው። እናቷ አልቅሳ፣ ጡቴን ነክሰሽ ብላ አስምላታለች። ልጅቷም ምላለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ባሕር ተነሥቶ አያውቅም።

«ስልኬን አታነሳም፤ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዕቃ መላኳንም በጽሑፍ ብቻ ነው የነገረችኝ» አለች። «የላከችልኝ ዕቃ እኔ ጋ እስኪደርስ እየጠበቀች ይሆናል። ባንቺ ስልክ ደውዪላት። ላንቺ ታነሳለች።»

ቁጥሩን እየነገረችኝ በስልኬ መታሁት። ሁለቴ ጠርቶ ዘጋ። በሦስተኛው አነሳች።

«ሄሎ? ደረሰ?»

«ልጄ፣ ጅቡቲ ነኝ። ከፈትኩት።»

«ለምን ከፈትሽው?»

«ፈርቼ።»

«እኔ ሐሺሽ የምልክ እመስላለሁ?»

«አትመስዪም። ይቅር በይኝ። ግን ልብስሽን ሁሉ ልከሽ አንቺ ምን ልትለብሺ ነው?»

«እዚህ ይሞቃል» አለች።

«ማበጠሪያሽንስ?»

ነጋዴዋ በምልክት ጠራችኝና የሷን ስልክ ከኔ ስልክ ጋር ፊት ለፊት አጋጠመችው፤ አንዱ ውስጥ እናት፣ አንዱ ውስጥ ልጅ። በሁለት እጄ ይዤ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ በኔ መዳፍ መሃል ተነጋገሩ።

«መቼ ነው?» አለች እናትየዋ።

«እማ? አንቺ ነሽ? ምኑ?»

«አትዋሺኝ።»

«… ሐሙስ።»

«አንቺ ዋና የት ተምረሽ ነው? ደቻቱ ላይ? ድሬ ወንዟ አሸዋ ነው! ውሃ ያየሽው በባልዲ ነው!»

«ጃኬት ይሰጡናል፣ የሚያንሳፍፍ።»

«ጃኬት!»

«እማ፣ እዚህ ምንም የለም። ቤት ኪራዩ፣ ወረቀቱ፣ በየመንገዱ ፖሊሱ… ተደብቄ ነው የምኖረው። አንቺ አታውቂም።»

«አላውቅም። ያንቺን አላውቅም። የኔን ልንገርሽ ስሚኝ። ይሄን ልብስ አልቀበልም። ነገ አውሮፕላን ማረፊያ እመጣለሁ፣ እጄን ግን አልዘረጋም። ለእናት የልጅ ልብስ የሚላከው ሬሳው ሲቀር ነው። እኔ ሰው ነው የላክሁት፤ ሰው ነው የምቀበለው።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ክንዴ ዝሏል፤ ስልኮቹ ተለያይተው ድምፁ እንዳይጠፋ ትንፋሼን ይዣለሁ። ነጋዴዋ አየችኝና ከሥር ክርኔን ደገፈችልኝ። የሰው ቤት ገመና መሃል ቁጭ ብዬ፣ ላለመስማት ብፈልግ እንኳ የት እሄዳለሁ? ሁለቱንም የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ሐሙስ አልሄድም በይ» አለች እናትየዋ።

ልጅቷ አፍንጫዋን ሳበች።

«በይ!»

«ሐሙስ አልሄድም።»

«አርብስ?»

ልጅቷ ዘጋችው። ስልኬ ጨለመ። በሌላው ስልክ ውስጥ እናትየዋ አፏን በሻሿ ሸፍና ታየኛለች፣ እኔ ደግሞ የምላትን አጥቼ የልጇን ሹራብ አጣጥፋለሁ። «ቅድም ብልሽ ኖሮ…» አልኩና ተውኩት። ቅድም ምን ነበር የምላት? ልጅቷ ክንዴን ስትነካኝ ፊቷን ልብ ብዬ እንኳ አላየሁም። ቀጭን መሆኗን ብቻ ነው የማውቀው።

ያንን ሌሊት ነጋዴዋም እኔም የተኛን አስመስለን አደርን። ጠዋት ውሻው ዕቃችን አጠገብ ሲያልፍ ጅራቱን እንኳ አላነቃነቀም። ፖሊሱ ጥቅሏን፣ አሁን በሻሽ የተቋጠረችውን፣ በእግሩ ገፋ አድርጎ አሳለፋት። ፓስፖርቴ ተመለሰልኝ። ትናንት ያስጨነቀኝ ነገር ይሄ ብቻ ነበር እንዴ ብዬ በገዛ ፍርሃቴ ተናደድኩ። ሌላ ፍርሃት ቦታውን ይዞበት ነበርና።

እናትየዋ ድሬ አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ አገኘኋት። ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ፣ ሻንጣዬን ተቀብላ ተሸከመችልኝ። ጥቅሏን ግን አልነካቻትም። ዓይኗንም አላሳረፈችባት። «አንቺ ጋ ትቀመጥ» አለች። ነጋዴዋ ወደ ሐረር መኪና ልትይዝ ስትለየን፣ ቀልድ ያልጠፋባት ሴት፣ ሁለታችንን አቅፋ ያለምንም ቀልድ ሄደች።

ጥቅሏ ቁምሳጥኔ ውስጥ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አለች። ብል እንዳይበላት ናፍታሊን አስገብቼባታለሁ። እናትየዋ እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ ስለ ኑሮው፣ ስለ ስኳሩ ታወራለች፤ ልትሄድ ስትነሳ «ደወለች?» ትላለች። ልጅቷ ለእናቷ ለመደወል ታፍራለች፤ ለኔ ትደውላለች። ቁጥሯ አሁንም የኢስታንቡል ነው። «ልብሴ አለ?» ትላለች። አለ እላታለሁ። ልብሷን መጠየቋ፣ የሚያስተኛኝ ያ ነው። ሳትደውል የሰነበተች እንደሆነ ግን የሬዲዮ ዜና አልከፍትም፤ ልጆቹም ሲከፍቱ አስዘጋቸዋለሁ።

አሁን በቅርቡ ደወለችና ድምፅዋ ደስ ያለው መሰለኝ። «እትዬ፣ ያቺን ቢጫዋን ቀሚስ ለታናሽ እህቴ ስጫት፣ ትለብሳት፣ እንዲያው ታረጃለች» አለችኝ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«የትም።»

«የትም ካልሄድሽ መጥተሽ ራስሽ ስጫት።»

ሳቀች፤ ሳቋ አጭር ነበር። እኔ ቀሚሷን አልሰጠሁም።